ከጀምበር በፊት የተጋገረ

ጁላይ 4፣ ሐሙስ

ወደ ሙምባይ የላክነው ካክራ ተመልሶ መጣ። ደረቁ ስስ ቂጣችን አልተሰበረም፣ አልሻገተም። ጥፋቱ ቀኑ አለመነበቡ ነው። እስከ ዛሬ ቀኑን የምንመታው በእጅ ማህተም ነው፤ የቅቤው ወዝ ላስቲኩ ላይ ይቀርና ቀለሙን ያንሸራትተዋል። ነጋዴው በስልክ፣ «እመቤቴ፣ ይኼ መቼ እንደተጋገረ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ደንበኞቼን ደግሞ ፈጣሪን ጠይቁ ስላቸው ይቆጡኛል» አለኝ። ለዲዋሊ በዓል ያዘዘውን የሚወስደው ጥርት ያለ ቀን ከታተመበት ብቻ ነው።

አባባ ነገሩን ራት ላይ አነሱት። እንደ ጃይን ሃይማኖታችን ሕግ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ውሃ እንኳ ወደ አፋቸው ስለማያስጠጉ፣ ራታችን እንደ ሁልጊዜው በጥድፊያ ነበር።

«ማተሚያ ማሽን ይገዛ» አሉ። «ኩሙድ ትምረጠው። የጾሙ ሰሞን ሳይገባ ተተክሎ በደንብ ከሠራ፣» ወገባቸው ላይ የተንጠለጠለውን የፋብሪካ ቁልፍ ነካ አደረጉት፣ «በጾሙ ማብቂያ፣ በይቅርታው ቀን፣ ይኼን ለእሷ አስረክባለሁ። ካልሆነም ኬቱል አለ።»

ኬቱል የሟች አጎቴ ልጅ ነው፤ ሒሳቡን የሚይዘው እሱ ነው። ፈገግ አለ። እናቱ አክስቴ ማንጁላ ግን ፈገግታ አላባከነችም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለችና ሳህኗን በውሃ አለቅልቃ፣ እህል እንዳይጣል እጣቢውን ጠጣችው።

ከባሌ ቤት ከሱራት ከተመለስኩ ዓመታት አለፉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በአባቴ ቤት እንግዳ ልሁን ባለቤት ልሁን የወሰነ የለም። ቁልፉ አያጓጓኝም። ቁልፍ ብረት ነው።

ጁላይ 9፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ሻጭ ከአህመዳባድ መጣ። ቱሻር ይባላል፤ ከላይ ከረባት፣ ከጉልበቱ በታች ጭቃ። ማሽኑ ላስቲኩን ሳይነካ ከላይ ሆኖ የቀለም ጠብታ እየተፋ ይጽፋል። ጽሑፉ ዓይን እስኪጨፈን ይደርቃል። በጣቴ ፈገፈግኩት፣ በቅቤ ለውሼ ፈገፈግኩት፣ ንቅንቅ አላለም።

«በደቂቃ ሦስት መቶ ፓኬት ያትማል» አለ ቱሻር።

«እኛ በደቂቃ አርባ ነው የምናሽገው።»

«ታዲያ ያርፋላ፣ ኩሙድቤን!» አለ፤ እህቴ ኩሙድ ማለቱ ነው።

በዚህ ፋብሪካ የሚያርፍ ነገር ከተገኘ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ግን አሴቶን ይሸታል። ካክራችን ከሙን መሽተት ሲገባው የጥፍር ቀለም እንዳይሸት ፈራሁ። ማራገቢያ ከጎኑ ከተተከለ ሽታው ይሄዳል አለ። ዋጋውን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገው፤ ዋጋው ግን አብሮ ዝቅ አላለም።

ጁላይ 12፣ ዓርብ

ሁለተኛው ማሽን። አንድ ሽማግሌ ከራጅኮት በአውቶቡስ በዘንቢል ይዘውት መጡ። ትንሽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ እንደ ቢሮ ማተሚያ በካርትሪጅ ነው። ወደድኩት። ጥቂት እንዳተመ የዱቄቱ ብናኝ ቀለም የሚወጣበትን ቀዳዳ ደፈነውና ቀኑ ግማሽ ግማሽ መውጣት ጀመረ። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ላሱና ቀዳዳውን ጠረጉት።

አክስቴ ማንጁላ በር ላይ ቆማ አየች። የሽማግሌው ማሽን ነገር በዚያው አበቃ።

ጁላይ 16፣ ማክሰኞ

ኬቱል ስልኩ ላይ ያየውን በጨረር የሚጽፍ ማሽን ለሙከራ አስመጣ። «ቀለም የለም፣ ሽታ የለም፣ ወጪ የለም!» እያለ እናቱን ከወንበሯ አስነስቶ አመጣት።

ላስቲካችን ስስ ነው። ጨረሩ ቀኑን አጥርቶ ጻፈ፤ ከዚያም አልፎ ካክራው ላይ ጻፈ። ፓኬቱን ወደ መስኮቱ ብናነሳው ሰማዩ በቀኑ ውስጥ ይታያል። በዚህ ዝናብ ቀዳዳ ፓኬት ውስጥ ያለ ካክራ በአንድ ቀን እንደ ጨርቅ ይታጠፋል።

«ግን ይነበባል» አለ ኬቱል።

ደስ አለኝ። በሰው ውድቀት ደስ መሰኘት ነውር ነው፤ ግን አለኝ።

ጁላይ 18፣ ሐሙስ

የቱሻርን ማሽን ልንወስን ቁጭ እንዳልን አክስቴ ማንጁላ አፏን ከፈተች።

«ቀለሙ ከምን ነው የሚሠራው?»

ሳር ስንረግጥ ጉንዳን እንዳንገድል የምንጠነቀቅ፣ ሥር ስለሆነ ድንች የማይገባበት ቤት፤ ቀለሙን ግን ማንም አላሰበውም።

«ጥቁር ቀለም ከተቃጠለ አጥንት ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። «ሌላው ደግሞ ከነፍሳት ነው አሉ። በጾም ሰሞን ሰው እጁ ላይ አጥንት ልታስይዢ ነው?»

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ቱሻር ጋ ደወልኩ። «ኩሙድቤን፣ ማሽን ስሸጥ ይኼን ያህል ዘመኔ ነው፤ ቀለሙ ሥጋ ይበላል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለ። አለቆቹን ሊጠይቅ ሄደ።

አመሻሽ ላይ መልሶ ደወለ። ስልኩን ለሁሉም ከፈትኩት። «ምንም ችግር የለውም! መርዛማ አይደለም፣ ሰው አይገድልም ብለዋል።»

አክስቴ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ልጄ፣ ይገድላል ወይ አላልኩም። ተገድሎ ነው ወይ ነው ያልኩት።»

ጁላይ 27፣ ቅዳሜ

ቱሻር አለቆቹን ጠየቀ፣ አለቆቹ ባሕር ማዶ ያሉትን ጠየቁ፣ እነሱ ቀለም ቀማሚዎቹን ጠየቁ። እኛ እስከዚያ ድረስ ስለ አጥንት ስናወራ ከረምን። ዛሬ መልስ መጣ፤ በቀለሙ ውስጥ ከእንስሳም ከነፍሳትም የተወሰደ ነገር የለም።

አክስቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። «እንግዲህ ንጹሕ ነው» አለች፤ ቅር ብሏት ነው የሚመስለው።

አባባ፣ «አያትሽ ቢኖሩ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። ትንሿን ነገር ያልጠነቀቀ ትልቋን አይጠነቀቅም» አሉ። ቱሻር ማሽኑን እንዲያመጣ ነገርኩት።

ጁላይ 30፣ ማክሰኞ

ቀኑ ፓኬቱ ላይ የት ይታተም? ላስቲካችን በቀይና በአረንጓዴ የተሞላ ነው። ከፊት በኩል ያለው ባዶ ነጭ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ አያቴ ራሳቸው ካወጡት መፈክር ሥር። «ከጀምበር በፊት የተጋገረ» ይላል። ከሱ በታች ያለው ነጭ ቦታ ለቁጥሮቹ ልክ እንደተሰፋ ልብስ ነው። ይኼን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ቱሻር እንኳ፣ «ቤን፣ እንደ ፎቶ ነው የሚታየው!» አለ።

ከዚያ ጠየቀኝ። «የተመረተበት ቀን፣ ማብቂያ ቀን፣ የምድብ ቁጥር። ሰዓቱን ልተወው? ብዙዎቹ ሰዓት አያስጽፉም።»

«ማሽኑ ሰዓት ያትማል ወይስ አያትምም?»

«ያትማል፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ ሃያ አራት እየቆጠረ፣ እስከ ደቂቃው።»

«ታዲያ ለምን እተወዋለሁ? ከፍዬበታለሁ።»

ምክንያትም አለኝ። ዓምና ካክራ አርሮ ሲወጣ የትኛው ሰዓት እንደተጋገረ ስላላወቅን የሳምንቱን ሁሉ መለስን። ሰዓት ካለ የአንድ ሰዓቱን ብቻ ነው የምንመልሰው። አባባ ይኼን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሂራ የምታሽገው ጠረጴዛ ጋ ቆማ ትሰማለች። የሴቶቹ አለቃ ናት፤ ምላሷ ከምላጭ ይስላል። «እና የእኛም ሰዓት ይጻፋል?» አለች።

«የፓኬቱ ነው የሚጻፈው፣ የእናንተ አይደለም» አልኳት።

«እሺ» አለች፤ ግን እሺ ያለችበት ድምፅ አልጣመኝም። ነገረኛ ናት።

ኦገስት 11፣ እሑድ

ማሽኑ ተተከለ! ኮከብ ቆጣሪው በሰጠን መልካም ሰዓት አባባ ግንባሩ ላይ (ማሽን ግንባር ካለው) ቀይ ዱቄት ቀቡት፣ ኮኮናት ተሰበረ፣ ሩዝ ተረጨ፣ አክስቴ ቢጫ አበባ በክር ሰክታ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። አበባው የማሽኑ ዓይን ፊት ተንጠልጥሎ ማራገቢያው ሲያወዛውዘው፣ ማሽኑ ፓኬት መጣ ብሎ ያትማል። እያንዳንዷ አበባ ቀኗን ተቀበለች። ማብቂያዋም ከሦስት ወር በኋላ ሆነ።

አባባ ሳቁ። እስኪያለቅሱ ሳቁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። ቱሻርም የተረጨውን ሩዝ ከማጓጓዣው ላይ በብሩሽ እየጠረገ ሳቀ።

ኦገስት 14፣ ረቡዕ

ጥድፊያ። ቀለሙ ጥርት ያለ። ሽታው የለም። ጠዋት ጠዋት የማሽኑን ራስ አጥቦ ማድረቅ፤ ያለዚያ ዱቄቱ ይዘጋዋል። ሂራ ተማረችው። ከሙምባይ ደወሉ፤ የላክንላቸውን ናሙና ወደውታል።

ኦገስት 17፣ ቅዳሜ

አባባ ዛሬ ከማጓጓዣው ላይ አንድ ፓኬት አነሱ። ቁጥሮቹን በአውራ ጣታቸው ገፉዋቸው፣ አልሄዱም። ደገሙት። ከዚያ፣ «እህም» አሉ።

የአባባ እህም ብዙ ዓይነት ነው። ሻይ ሲቀዘቅዝ የሚሉት አለ፣ ኬቱል ሲያወራ የሚሉት አለ። ይኼኛው ሌላ ነው። ልጅ ሳለሁ በሒሳብ አንደኛ ወጥቼ ወረቀቱን ሳሳያቸው ያሉት እህም ነው። ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ፓኬቱን መለሱትና ፀሐይዋን አይተው ለራት ወደ ቤት ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሂራ፣ «ቤን፣ ማጓጓዣው ቆሟል» አለችኝ።

እሳቸው ሲሄዱ ሁልጊዜ እንደሚሆነው የተረፈውን ሥራ ሂራና ሴቶቹ ጨረሱት። «የተረፈው» ነው የምንለው፤ አያቴም እንዲሁ ይሉት ነበር። ሲጨርሱ ባጃጁ ይመጣና በየቤታቸው ያደርሳቸዋል። ጠዋት አባባ ሲገቡ የተደረደረውን ካርቶን ያዩና፣ «በረከት ነው» ብለው በእጃቸው ዳበስ ያደርጉታል።

ኦገስት 26፣ ሰኞ

ታላቅ ዜና። የማኅበራችን ሽማግሌዎች በጾሙ ስምንት ቀን ውስጥ እሑድ ከስብከቱ በኋላ ለምዕመናን የሚታደለውን ስጦታ ከእኛ አዘዙ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ማለት ነው፤ የከተማው ጃይን ሁሉ። አባባ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ።

«ይደርሳል?» አሉኝ።

«ይደርሳል።»

እንዴት እንደሚደርስ አልጠየቁም። ጀምበሯን ነበር የሚያዩት።

ኦገስት 30፣ ዓርብ

ዝናብ። መብራት ሄዶ መጣ። የተረፈው ብዙ ነው። ሴቶቹ ደክሟቸዋል። ሂራ፣ «ቤን፣ ይኼ የተረፈ ሥራ ከዋናው በለጠ እኮ» አለች። ለሁሉም ሻይ አስፈላሁ። ደረሰ። ሁሉም ደረሰ፤ አንድም የተንሸራተተ ቁጥር የለም።

ሴፕቴምበር 1፣ እሑድ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

አረጋዊቷ መነኩሲት ስብከታቸውን ጨረሱ። ስለ ማታ ምግብ ነበር፤ በጨለማ እሳት ስንለኩስ ብርሃኑን አይተው መጥተው ስለሚቃጠሉ የማይታዩ ነፍሳት። ሴቶች ያለቅሱ ነበር። ከዚያ ስጦታው ታደለ። ካክራችን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ደረቴ ሰፋ።

ከኋላዬ የተቀመጠችው የጡረተኛው ዳኛ ሚስት መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር፤ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ማንበብ አመሏ ነው። «ከጀምበር በፊት የተጋገረ። የተመረተበት፣ ኦገስት ሠላሳ። ሰዓት፣» አቆመች። «ሃያ ሰዓት ከአርባ አንድ።»

«ስንት?» አለች ጎረቤቷ።

«ሃያ ከአርባ አንድ። ጨለማ እኮ ነው!»

ሁሉም ፓኬቱን አገላበጠ። አንዱ ሃያ ከአሥር፣ አንዱ ሃያ አንድ ከሁለት። አዳራሹ ውስጥ የላስቲክ መንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማ ነበር። አንዲት ሴት ፓኬቷን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ሌላዋም። ማንም አልተሳደበም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

የአባባን ጀርባ ነበር የማየው። አልዞሩም። ጆሯቸው ብቻ ቀላ።

መነኩሲቷ አፋቸውን በሸፈኑበት ነጭ ጨርቅ ውስጥ ሆነው ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ማሽኑ አዲስ ነው አይደል? ሰዓቱ ተሳስቶ ይሆናል» አሉ።

አባባ ተነሥተው እጃቸውን አጣመሩ። «አዎን፣ ተሳስቷል። ልጄ ታስተካክለዋለች።»

አዳራሹ ተነፈሰ። ሰው ሁሉ ፓኬቱን ከመሬት አነሳ። አንዳንዶች ሲወጡ፣ «አይዞሽ፣ ማሽን ነው፣ ይሳሳታል» አሉኝ። አክስቴ ማንጁላ አጠገቤ መጥታ፣ «ቀለሙ እንኳ ንጹሕ ነበር» አለች።

ሰዓቱን አስገብተሽ ያስጻፍሽ ማን ነሽ? እኔ። ከመፈክሩ ሥር ያስቀመጥሽው ማን ነሽ? እኔ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። እኛ ቤት ብቅል ስለማይገባ ማሽን አስገባሁ።

ሴፕቴምበር 2፣ ሰኞ

«ሰዓቱን አስተካክይው» አሉ አባባ።

«አባባ፣ ሰዓቱ ትክክል ነው።»

«በመነኩሲቷ ፊት ተሳስቷል ብያለሁ። በጾም ሐሰተኛ ልታደርጊኝ ነው?»

ሰዓቱን ጨርሼ ላጥፋው አልኩ። ኬቱል ሳቀ። «ትናንት የነበረ ሰዓት ዛሬ ከጠፋ የዳኛው ሚስት መቼ አጣችው? መኖር አለበት። ብቻ የቀን መሆን አለበት።»

«እንግዲያው የተረፈውን ሥራ እናቁም» አልኩ።

«የምን ሥራ?» አሉ አባባ።

«የተረፈውን።»

አባባ፣ «እኔ ፋብሪካዬ ውስጥ የማውቀው በረከት ነው» አሉ። ቀጥሎ ኬቱል የዲዋሊውን ትዕዛዝ በቀን ብቻ ሠርተን ግማሹንም እንደማናደርስ በሒሳብ አስረዳ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «አንቺ ከከበደሽ እኔ አስተካክለዋለሁ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው።»

አባባ ወገባቸውን ነካ አደረጉ። ሳያስቡት ይሆናል።

«እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ እኔው አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

ሴፕቴምበር 3፣ ማክሰኞ

ቱሻር ጋ ደወልኩ። ምን እንደምለው ስለማመድ ቆይቼ፣ «ሰዓቱን አራት ሰዓት ወደኋላ ማለት ይቻላል?» አልኩት።

ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። «ይቻላል። ግን ሁሉንም ከመለስሽው የጠዋቱን ካክራ ንጋት ሳይመጣ የተጋገረ ያደርግብሻል።»

ይኼን አላሰብኩም። ለእኛ ከንጋት በፊትም ክልክል ነው።

«እንዲህ እናድርግ» አለ። «ሁለት መልእክት እናስቀምጥ። አንደኛው ለቀን፣ እንዳለ። ሁለተኛውን ጀምበር ስትጠልቅ ትመርጪዋለሽ፤ እሱ ብቻ አራት ሰዓት ይቀንሳል። ብዙ ቤት ያለ ነገር ነው፣ ቤን። ስም ስጪውና መዝግቢው።»

ማሽኑ ስም ካልሰጡት አይመዘግብም። «በረከት» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ ራሴ መረጥኩት። የመጀመሪያው ፓኬት ሲወጣ አሥራ አምስት ከአምስት ይላል፤ ጥርት ያለ ነው፣ በአውራ ጣቴ ብገፋው አይሄድም። መልካም ማሽን ነው። የታዘዘውን ያደርጋል። ሂራ ፓኬቱን ከእጄ ወስዳ አየችው፣ መስኮቱንም አየች።

«ጀምበሯን መለስሻት አይደል?» አለች። «ኩሙድቤን፣ እግረ መንገድሽን የእኔንም ጉልበት ሃያ ዓመት መልሺልኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ሴፕቴምበር 5፣ ሐሙስ

ኬቱል የምሽት ተጨማሪውን ክፍያና የሴቶቹን ባጃጅ ሰረዘ። ዛሬ ነው ያወቅኩት።

«አንተ ልጅ፣ አብደሃል?»

«ምን አደረግኩ? ከማሽኑ ላይ የሰሞኑን አየሁ። ከጀምበር በኋላ የታሸገ አንድም ፓኬት የለም። ላልመሸበት ሰው ባጃጅ ለምን ይከፈላል?»

«ኬቱል፣ ታውቃለህ እኮ!»

«እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው። ማሽኑን የመረጥሽው አንቺ፣ ሰዓቱን ያስተካከልሽው አንቺ። ወይስ መነኩሲቷ ጋ ሄደን ተሳስቶ አልነበረም እንበል? ከፈለግሽ ለአባባ ንገሪያቸው።»

ልነግራቸው በረንዳው ድረስ ሄድኩ። አባባ ያለ ምግብ የሚጾሙት የስምንት ቀን ጾም ስድስተኛው ቀን ላይ ናቸው፤ የፈላ ውሃ ብቻ፣ እሱም በቀን። ፊታቸው ከስቷል። ዓይናቸውን ከፍተው፣ «ኩሙድ፣ ከነገ ወዲያ እኮ ነው» አሉኝ፤ ፈገግም አሉ።

በዚህ ሰዓት ሰው አይጨቀጨቅም። ከበዓሉ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ሁለት ቀን ነው፣ ማንም አይሞትም።

ሴቶቹ ማታ በእግራቸው ሄዱ። ከፋብሪካው እስከ ሰፈራቸው መንገዱ መብራት የለውም፤ ዝናቡም መጣ። ክፍሌ ሆኜ ድምፃቸውን ሰማሁት፤ ሂራ ፓንቱ ስለጠፋበት ባል የምታወራውን ቀልድ ታወራለች፣ ሌሎቹም ይስቃሉ። ውሃ እየገባብኝ ስለነበረ መስኮቱን ዘጋሁት።

ሴፕቴምበር 7፣ ቅዳሜ

የይቅርታው ቀን።

ከጸሎቱ በኋላ ሁሉም ለሁሉም እጁን አጣምሮ፣ «አውቄም ሆነ ሳላውቅ ካስቀየምኩህ ይቅር በለኝ» ይላል። የዳኛው ሚስት አለችኝ። ቱሻር ጃይን ባይሆንም በስልክ ጽፎ ላከልኝ። ኬቱል አለኝ፤ ጥርሱ ሁሉ እየታየ ነበር። አክስቴ ማንጁላ፣ «ሴት ብታውቅ ያልኩሽን ይቅር በይኝ» አለችና አቀፈችኝ፤ በሕይወቷ የመጀመሪያው መሆን አለበት።

አባባ በመጨረሻ መጡ። ጾሙ ስላደከማቸው ሁለት ሰው ይዟቸዋል። እጃቸውን አጣመሩልኝ፤ አባት ለልጁ! «አውቄም ሆነ ሳላውቅ» አሉ፤ አልጨረሱትም። ከወገባቸው ቁልፉን ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ብረቱ ገና የገላቸው ሙቀት ነበረው።

አለቀስኩ። ደስታ ነው። ብረት ነው ብዬ ነበር፤ ውሸቴን ነው። ለዚህ ቁልፍ ስል ምን ያህል እንደጓጓሁ የገባኝ ዛሬ ነው።

ሴፕቴምበር 8፣ እሑድ

ፋብሪካውን ዛሬ እኔ ነኝ የከፈትኩት። የዲዋሊው ትዕዛዝ ስላለ እሑድም ይሠራል። ሴቶቹ ከእኔ ቀድመው ደርሰው በር ላይ ይጠብቁ ነበር፤ በእግር ስለሆነ ሰዓቱን ገና አልለመዱትም። ጫማቸው ጭቃ ነው። አንዷ ታስላለች።

አባባ በየዓመቱ በበነጋው ሠራተኞቹንም ይቅርታ ይጠይቁ ነበር፤ ስለዚህ እኔም ባለ ቁልፍ ነኝና ፊታቸው ቆምኩ። እጄን አጣመርኩ። ቁልፉ በሁለት መዳፎቼ መካከል ነበር፣ የማስቀምጥበት ስላላገኘሁ።

«አውቄም ሆነ ሳላውቅ ካስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ» አልኩ።

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ሂራ ግን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፊት ለፊት አየችኝ። ለነገር የመጣች አትመስልም ነበር፤ በእውነት ማወቅ የፈለገች ነው የምትመስለው።

«የቱን ነው፣ ኩሙድቤን? ያወቅሽውን ነው ያላወቅሽውን?»

«ሁለቱም አብሮ ነው የሚባለው» አልኳት። «ወጉ እንዲያ ነው።»

«እንግዲያውስ ግማሹን ይቅር ብዬሻለሁ» አለችና ማሽኑን ለማጠብ ገባች።

የትኛውን ግማሽ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።